ቃሉን አትሸምድዱት፣ ፈታቱት!

ሰሞኑን አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። "በቀን ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል እየጻፍኩ እሸመድዳለሁ። ማታ የያዝኩት ጠዋት የለም። ጭንቅላቴ ወንፊት ሆነብኝ፤ ምን ይሻለኛል?" ትላለች። ደብዳቤውን እንዳነበብኩ ከት ብዬ ሳቅሁ። እንዳትቀየመኝ፣ በሷ አይደለም የሳቅሁት፤ በራሴ ነው። እኔም የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ የለየልኝ ወንፊት ነበርኩ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መቼም የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ማሳበብ ኃጢአት ይሆናል። ቢሆንም ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነውና ቃሉ ያልገባው ልጅ መልሱን እያወቀ ይወድቃል። ስለዚህ እኅቴ፣ ዛሬ ላንቺ የምጽፈው ከመጽሐፍ የለቀምኩትን ሳይሆን እኔው ወድቄ የተማርኩትን ነው።

ያደግሁት ምዕራብ ዓባያ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ስትሄዱ በቀኛችሁ የዓባያ ሐይቅ፣ በግራችሁ የጋሞ ተራሮች፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ሙዝ፣ ሙዝ፣ አሁንም ሙዝ! ብርብር ከተማ መንገድ ዳር ቆማችሁ ብታዩ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ሲከንፍ ትመለከታላችሁ። እናንተ ሰፈራችሁ ካለች ጉሊት የምትገዙት ሙዝ ከኛ ጓሮ የሄደ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እኔ በዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ መዝገበ ቃላት እሸመድድ ነበር። መዝገበ ቃላቴ የመጀመሪያ ገጾቹ ተቀድደው ስለነበር የጀመርኩት ከ"ቢ" ነው። "ዲ" ላይ ስደርስ ፈተናው ደረሰ። እንግዲህ አስቡት፣ በ"ኤ" የሚጀምር ቃል ከመጣ አለቀልኝ፤ ከ"ኢ" በኋላ ያለው ደግሞ የሌላ አገር ሰው ነው። ውጤቱ ምን እንደነበር አልነግራችሁም። ይኸው ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ አምደኛ ሆኜላችኋለሁ!

ከፈተናው በኋላ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ጎረቤታችን አንድ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። እናቴ ዘንድ ሙዝ ሊገዙ መጥተው ተክዤ ሲያዩኝ "ምን ሆንክ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና መሬት ላይ የተጋደመውን የሙዝ ዘለላ በከዘራቸው እየነኩ፦

"ይኼን መኪና ላይ ስትጭን ፍሬ በፍሬ ነው የምትሸከመው?" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ! በግንዱ ይዤ ነው እንጂ።"

"ታዲያ ቃሉን ለምን ፍሬ ፍሬውን ትለቅማለህ? አንተም ግንዱን ያዝ!"

ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ላይ "አግሪ" ብለው ጻፉ፤ መስማማት ማለት ነው። ከኋላው "መንት" ሲጨምሩበት "አግሪመንት"፣ ስምምነት ሆነ። ከፊቱ "ዲስ" ሲለጥፉበት "ዲስአግሪ"፣ አለመስማማት። ሁለቱንም ሲያደርጉ "ዲስአግሪመንት"። ከኋላ "ኤብል" ሲሉ "አግሪኤብል"፤ ፊቱ ላይ እንደገና "ዲስ" ሲመጣ "ዲስአግሪኤብል"፣ ማለትም ደስ የማይል። አንድ ግንድ ይዤ ስድስት ቃል ተሸከምኩ! እኔ ግን ከዚያ በፊት እነዚህን ስድስቱን ለየብቻ፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ነበር የምሸመድዳቸው።

ይኼ ነገር ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ አይደለም። "ሰበረ"ን ውሰዱ። ተሰበረ፣ ሰባበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ስብርባሪ፣ መስበሪያ፣ የማይሰበር… ማንም ቁጭ ብሎ አላስጠናንም፤ ሥሩ ሦስት ፊደል መሆኑን ጆሯችን ያውቀዋል። ልዩነቱ አማርኛ ቃሉን ከውስጥ እያቀለጠ ሲቀርጸው እንግሊዝኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጡብ ከፊትና ከኋላ መደርደሩ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛው እንዲያውም ለመፍታት ይቀልላል። "አንብሬከብል" የምትለዋን ፈታቷት፤ "አን" አፍራሽ ናት፣ "ብሬክ" መስበር፣ "ኤብል" መቻል። የማይሰበር! በቃ።

የምንለጥፈውም አለን። "ኢ-ፍትሐዊ"፣ "ኢ-ሰብአዊ" ስንል ከግዕዝ የመጣችው "ኢ" የእንግሊዝኛዋን "አን" ሥራ እየሠራች ነው። "ደግነት" ላይ ያለችው "ነት" የ"ካይንድነስ"ዋ "ነስ" እኅት ናት። "ሀገር፣ ሀገራዊ፣ ሀገራዊነት" ብላችሁ ከደረደራችሁ "ኔሽን፣ ናሽናል፣ ናሽናሊዝም" ምን ያስፈራችኋል?

ለፈተና የምትዘጋጁ ልጆች ደግሞ ይህችን ያዙልኝ። የሳይንስ ቃላት አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን ቁርጥራጭ የተገጣጠሙ ናቸው። "ፎቶ" ብርሃን ነው፣ "ሲንተሲስ" ማቀናጀት፤ "ፎቶሲንተሲስ" ቅጠል በብርሃን ምግቡን የሚያቀናጅበት መንገድ ሆነ። "ቴርሞ" ሙቀት፣ "ሜትር" መለኪያ። "ጂኦ" ምድር፣ "ባዮ" ሕይወት፣ "ሃይድሮ" ውኃ፣ "ሎጂ" ጥናት። አማርኛችንም ይህንኑ ተከትሎ "ሥነ ሕይወት"፣ "ሥነ ምድር" ብሏል። ሃያ ቁርጥራጭ ያወቀ ልጅ ብዙ ገጽ የሚሞላ ቃል ይፈታል። ሃያ ቃል የሸመደደ ግን ያለው ሃያ ቃል ነው፤ እሱንም ካልረሳው።

እንግሊዞች መለጠፍ ብቻ አይደለም የሚችሉት። ሁለት ሙሉ ቃል ያጋባሉ። "ፉት" እግር፣ "ቦል" ኳስ፤ እኛም "እግር ኳስ" አልን። እዚህ ላይ አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ፦ በእንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ቃል የመጨረሻው ነው። "ሃውስቦት" ቢሉ ሰው የሚኖርበት ጀልባ ነው፤ "ቦትሃውስ" ቢሉ ግን የጀልባ ማስቀመጫ ቤት ነው። የኛው "እግር ኳስ"ም መጨረሻው ኳስ ነው። "ቤተ መጻሕፍት" ላይ ግን ቤቱ ከፊት መጣ፤ እሱ የግዕዝ ሥርዓት ነዋ!

መቁረጥም ያውቁበታል። "ፎቶግራፍ"ን ቆርጠው "ፎቶ"፣ "ላቦራቶሪ"ን ቆርጠው "ላብ"፣ "ኦምኒባስ"ን ራሱን ቆርጠው "ባስ" አሉት። "ኦምኒባስ" በላቲን "ለሁሉም" ማለት ነው፤ ለሁሉም የሆነውን መኪና ጅራቱን ብቻ ይዘን እየተጋፋን ነው የምንሳፈረው ማለት ነው!

ሁለት ቃል ቆርጠው መስፋትም አለ። "ብሬክፋስት" እና "ላንች" ተሰፍተው "ብራንች" ሆኑ፤ ቁርስም ምሳም ያልሆነው የረፋድ ምግብ። "ሞተር" እና "ሆቴል" ተሰፍተው "ሞቴል" ሆኑ። በቅርቡም እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ልትወጣ ስትነሳ "ብሪቴን" እና "ኤግዚት" ተሰፍተው "ብሬግዚት" ተባለ። ሉዊስ ካሮል የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው የልጆች መጽሐፍ ለእንዲህ ያለው ቃል "ፖርትማንቶ" የሚል ስም ሰጠው፤ ሁለት ክፍል ያለው የጉዞ ሻንጣ ማለት ነው። ከቃላት ፊደል እየለቀሙ "ራዳር"፣ "ሌዘር"፣ "ኤይድስ" ማለትም አለ። በዚህስ እኛም አንታማም፤ ኢሕአፓ፣ ኢሠፓ፣ ኢሕአዴግ እያልን ኖረናል።

ሌላው ቀርቶ ምንም ሳይጨምሩ ስሙን ግሥ ያደርጉታል። "ጎግል" የኩባንያ ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ግን "መፈለግ" የሚል ግሥ ሆኖ መዝገበ ቃላት ገባ። እኛም "ደወል" ከሚለው ስም "ደወለ" የሚል ግሥ አውጥተን ይኸው በሞባይል እንደዋወላለን። የአራዳ ልጅ ደግሞ "ፎርጅድ" የሚለውን ይዞ "ፎረጀ፣ ያስፎርጃል፣ ተፎረጀ" ብሎ እንደ አማርኛ ግሥ ያረባዋል። ማን አስተማረው? ማንም!

እስካሁን ጥሩ ነው አይደል? አሁን ወደ ወጥመዱ ልውሰዳችሁ።

ጋሼ ያሳዩኝ ነገር ልቤን አሳበጠው። ቃል ሁሉ ተፈታልኝ ብዬ አርባ ምንጭ ላይ ለአንድ ፈረንጅ ቱሪስት ስለ እናቴ ሙያ ልናገር ተነሳሁ። "ቲች" ማስተማር፣ "ቲቸር" አስተማሪ፤ "ድራይቭ" መንዳት፣ "ድራይቨር" ነጂ። እንግዲያው "ኩክ" ማብሰል ከሆነ አብሳይዋ "ኩከር" ናት ብዬ "እናቴ ጎበዝ ኩከር ናት" አልኩት። ሰውዬው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ለካ "ኩከር" ምድጃው ነው፤ አብሳይዋ "ኩክ" ናት! እናቴን ጎበዝ ምድጃ አድርጌአት አረፍኩ።

ይኼስ ይሁን፤ ሳቅ ነው። ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፈተናው ካለፈኝ በኋላ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፋ። አንድ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሻማ ሊለኩስ ክብሪት አወጣ። አጠገቡ ክዳኑ የተከፈተ የቫርኒሽ ማቅጠኛ ቆርቆሮ ነበር። ልጁ ጠርጥሮ "ይኼ ነገር እሳት አይወድም ይሆን? እስቲ አንተ የተማርከው አንብበው" አለኝ። በስልኬ ብርሃን አየሁት። "ኢንፍላመብል" ይላል። እኔም ፈታታሁት፦ "ፍሌም" ነበልባል፣ "ኤብል" መቻል፣ "ኢን" ደግሞ አፍራሽ፤ "ኢንኮሬክት" ትክክል ያልሆነ እንደሚባለው። ደረቴን ነፍቼ "አይቀጣጠልም ይላል፣ ለኩሰው!" አልኩት።

ለኮሰው።

አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ አሸዋ ባይደፋበት ኖሮ ቤቱም እኛም አልቀን ነበር። ልጁ ቀኝ እጁ ተቃጠለ። ለካ ያቺ "ኢን" አፍራሽ አይደለችም! ከላቲን "ውስጥ፣ ወደ ውስጥ" ከምትለዋ የመጣች ሌላ "ኢን" ናት፤ "ኢንፍላመብል" ማለት "እሳት የሚይዝ፣ የሚቀጣጠል" ማለት ነው። "ፍላመብል" እና "ኢንፍላመብል" አንድ ናቸው። የተሳሳትኩትም እኔ ብቻ አይደለሁም። አሜሪካ ውስጥ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበሩ ሰው እንዳይሞት ብሎ ገና ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ዕቃ ላይ "ፍላመብል" ብቻ ተብሎ እንዲጻፍ መወትወት ጀምሯል። እንግሊዞቹን ራሳቸውን ያሳሳተች ቃል የምዕራብ ዓባያውን ልጅ ብታሳስት ምን ይገርማል? የሚገርመው ሳላውቅ አውቃለሁ ማለቴ ነው። ልጁ ይቅር ብሎኛል። እስካሁን ስንገናኝ በዚያው በጠባሳው እጁ ነው የሚጨብጠኝ።

ጋሼ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። "አታልለውኛል" አልኳቸው። እሳቸውም "አላታለልኩህም፤ ግማሹን ሰምተህ ሮጥክ" አሉኝ። ከዚያ የነገሩኝን አልረሳውም። "ስቲል" መስረቅ ነው። በደንቡ ከሄድን ሌባው "ስቲለር" መባል ነበረበት። ደንቡ ይፈቅዳል፤ ሰዉ ግን አይልም፤ "ቲፍ" የሚለው ቃል ቦታውን ቀድሞ ይዞታል። "ስለዚህ ልጄ፣" አሉኝ፣ "ቃል የሚሠራበት ደንብ አለው፤ የሚጸድቀው ግን በሰው ሸንጎ ነው። የኛ የጋሞ ሰዎች ዱቡሻ ላይ ተሰብስበው ነገር እንደሚቆርጡት ቃልም የራሱ ዱቡሻ አለው። ዱቡሻው ያላጸደቀውን ቃል ንጉሥም ቢያውጀው አይቆምም።"

ይህን ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ታላቅ እኅቴ ነች ያብራራችልኝ። በ1992 ዓ.ም. እኔ ገና ጡት ያልጣልኩ ሕፃን ሳለሁ እሷ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። በዚያን ጊዜ የኛ አካባቢ ሰሜን ኦሞ በሚባል ዞን ሥር ነበር። ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ይቀራረባሉ። ባለሥልጣናቱ ታዲያ አራቱን አቀላቅለን ለትምህርት ቤት አንድ ቋንቋ እናድርግ አሉ። ስሙንም ልክ እንደ "ብራንች" እና እንደ "ሞቴል" ከአራቱ ስሞች መጀመሪያ ቆርጠው ሰፉት፦ "ወ" ከወላይታ፣ "ጋ" ከጋሞ፣ "ጎ" ከጎፋ፣ "ዳ" ከዳውሮ። ወጋጎዳ!

እንደ ቃል ካየነው እንከን አልነበረበትም። በደንቡ የተሰፋ ሻንጣ ነው። መጽሐፉም ታተመ፣ ለሕፃናት ታደለ። እኅቴ ስትነግረኝ "የቤታችንን ቃል እያነበብኩ ድንገት የጎረቤት ቃል መሐል ይገባብኛል። ለእማዬ ሳነብላት 'ይኼ ደግሞ የማን ቋንቋ ነው?' አለችኝ" ትላለች። የማን ነው? ጥያቄው ይኸው ነበር። የሁሉም እንዲሆን ተብሎ የማንም ሳይሆን ቀረ። ወላይታ ሶዶ ላይ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ነዋሪው "ይህ የኛ ቋንቋ አይደለም" ብሎ ተነሳ። ረብሻ ሆነ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ሰው ታሰረ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ። በ1993 ዓ.ም. ዞኑ ራሱ ተከፋፈለ፤ ወላይታ ለብቻው፣ ዳውሮ ለብቻው፣ ጋሞና ጎፋም አንድ ላይ ሆኑ። "ጋሞ ጎፋ" የሚለውም ጥንድ ስም በ2011 ዓ.ም. ተፈትቶ ጋሞ ዞንና ጎፋ ዞን ሆነ።

አይ የቃል ነገር! "ብራንች"ን ማንም በአዋጅ አላስገባውም፤ ሰው ጣፈጠውና ወሰደው። "ወጋጎዳ"ን ግን ከላይ አወረዱት፤ ሰው ተፋው። በአራት ፊደል ስም ስንት እናት አለቀሰች! ቋንቋ ሲሰፋ ባለቤቱን ልኬት ካልጠየቁት ልብሱ እንዲህ ይቀደዳል።

እንግዲህ እኅቴ፣ ወደ ደብዳቤሽ ልመለስና ምክሬን ላሳጥረው።

አንደኛ፣ አዲስ ቃል ስታገኚ ለብቻው አትጻፊው። ግንዱን ፈልጊና ዘመዶቹን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ሰብስቢያቸው።

ሁለተኛ፣ ከፊት የሚለጠፉትን "አን"፣ "ዲስ"፣ "ሪ"፣ "ሚስ"፣ "ፕሪ" እና ከኋላ የሚለጠፉትን "ነስ"፣ "መንት"፣ "ኤብል"፣ "ፉል"፣ "ሌስ"፣ "ሽን" እወቂ። የኋላዋ ቃሉ ስም ይሁን ቅጽል ትነግርሻለች፤ ፈተና ላይ ባዶ ቦታ ሙዪ ሲሉሽ ግማሹን መልስ እሷ ትሰጥሻለች።

ሦስተኛ፣ በአማርኛ ወይም በእናትሽ ቋንቋ አቻውን ፈልጊለት። ወንፊቱን የሚደፍነው እሱ ነው።

አራተኛ፣ ፈታትተሽ የገመትሽውን ግምት ነው በይው። ዓረፍተ ነገሩን አይተሽ፣ መዝገበ ቃላት ገልጠሽ አረጋግጪ። በተለይ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይና ነዳጅ ነክ ዕቃ ላይ የተጻፈ ከሆነ ለሰው ከመተርጎምሽ በፊት ሁለቴ ጠይቂ። "አላውቅም" ማለት እጅ አያቃጥልም።

አምስተኛ፣ የፈታሽውን ቃል ተናገሪው። ቢስቁብሽ ይሳቁ። እናቴን ምድጃ ካልኩ በኋላ "ኩከር"ን አንድ ቀን ረስቻት አላውቅም!

ጋሼ አሁን በሕይወት የሉም። ምዕራብ ዓባያ በሄድኩ ቁጥር ግን የሙዝ ዘለላ በግንዱ አንጠልጥሎ ወደ መኪና የሚሮጥ ልጅ ሳይ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ያ ልጅም ምናልባት ማታ ቤቱ ገብቶ ሃያ ቃል እየሸመደደ ይሆናል። ይህችን ጋዜጣ የሚያነብለት ካለ አደራ፣ ግንዱን ያዝ በሉልኝ።

በሉ ለሳምንት ሰው ይበለን። ቸር እንሰንብት!